ንጉሡና አውድማው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ የመጨረሻ ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን ስንሰማው ኖረናል። ንጉሡ ዳዊት የሠራዊቱን ብዛት ለማወቅ ሕዝቡን ያስቈጥራል፤ የጦር አለቃው ኢዮአብ ይህ ነገር ይቅር ብሎ ቢለምነውም አይሰማውም። ቈጠራው ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጅቶ ካበቃ በኋላ ግን ንጉሡን ልቡ ይወቅሰዋል። ነቢዩ ጋድም መጥቶ ረኃብን፣ በጠላት መሳደድን ወይም የሦስት ቀን ቸነፈርን እንዲመርጥ ይነግረዋል። ዳዊት በሰው እጅ ከመውደቅ በእግዚአብሔር እጅ መውደቅን ይመርጣል፤ ቸነፈሩም ከዳን እስከ ቤርሳቤህ 70,000 ሰው ይጨርሳል።

እስከዚህ ያለውን ሰባክያን ሁሉ ይናገሩታል። እኛ ዛሬ ልናተኵርበት የምንወደው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የሚቀሥፈው መልአክ በኢያቡሳዊው በኦርና አውድማ አጠገብ በታየ ጊዜ፣ ዳዊት በሕዝቡ መካከል ኃጢአተኛ ፍለጋ አልወጣም። በዳዩ እርሱ ራሱ መሆኑን፣ ሕዝቡ ግን ምንም ያላደረጉ በጎች መሆናቸውን ተናግሮ፣ መቅሠፍቱ ወደ እርሱና ወደ አባቱ ቤት እንዲዞር ለመነ። ኦርናም አውድማውን፣ በሬዎቹንና የመውቂያውን ዕቃ ያለ ዋጋ ልስጥህ ቢለው፣ ምንም ያላወጣበትን ነገር ለአምላኩ መሥዋዕት አድርጎ ማቅረብን አልወደደም፤ 50 ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛው። መቅሠፍቱ የቆመው ንጉሡ ጥፋቱን በራሱ ላይ ካደረገና ዋጋውን ከገዛ እጁ ከከፈለ በኋላ ነው። ኋላም ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን የሠራው በዚያ አውድማ ላይ እንደ ነበር መጽሐፈ ዜና መዋዕል ይነግረናል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት ቸነፈር ብዙ ነገሥታትን በየተራ በዚያ አውድማ ፊት ስላቆማቸው ነው። ከእነዚህም ሁለቱን፣ በባሕር ዳር የነበረውን የፖርቱጋልን መንግሥትና በደጋ የነበረውን የራሳችንን መንግሥት እንመለከታለን። ዓመታቱን በስደት አገር ለሚያድጉት ልጆቻችን እንዲቀልላቸው ሁሉንም በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

ቸነፈር ስንል በግዕዝ መጻሕፍት ብድብድ የሚባለውን ነው፤ ቃሉ ሲነበብ እንኳ በር የሚደበድብ ይመስላል። በሽታው በ1346 በጥቁር ባሕር ዳር በካፋ ከተማ ታየ። በ1347 ከነጋዴዎች መርከብ ጋር ቁስጥንጥንያ ገባ፤ ያ ዓመት ሳያልቅም በሲሲልያ ወደብ በመሲና፣ በግብጽም ወደብ በእስክንድርያ ደረሰ። በ1348 ከካይሮ እስከ ፓሪስ፣ ከፍሎረንስ እስከ ፖርቱጋል ቤት ለቤት ዞረ። ሐርና ቅመማ ቅመም፣ ስንዴና ጨርቅ የሚመላለስበት የባሕር መንገድ ሁሉ የሞት መንገድ ሆነ። ከአውሮፓ ሕዝብ ከሲሶ እስከ እኩሌታ የሚሆነው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዳለቀ ሊቃውንት ይገምታሉ። አንድ ጊዜ መጥቶም አልተወም፤ በየዐሥሩና በየሃያው ዓመት እየተመለሰ መቶ ዓመታትን አስቈጠረ። መንሥኤው በአይጥና በቁንጫ የሚዛመት ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑ የታወቀው አሌክሳንደር ዬርሲን የተባለ ሐኪም በ1894 በሆንግ ኮንግ ተሕዋሱን ካገኘው በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ስላላወቁት ነገርም አንፈርድባቸውም።

የምንጠይቀው ባላወቁበት ጊዜ ወደ ማን እንደ ጠቈሙ ነው። በአውሮፓ ብዙዎች የጠቈሙት ወደ አይሁድ ነበር፤ የውኃ ጕድጓድ መርዘዋል ተባሉ። በየካቲት ወር 1349 በስትራስቡርግ ከተማ፣ ቸነፈሩ ገና ወደ ከተማይቱ ሳይገባ፣ በመቶዎች የሚቈጠሩ አይሁድ በእሳት ተቃጠሉ። ከነገሩ ይልቅ ሐሳብ ውስጥ የሚከተው ደግሞ ይህ ነው፤ በአቪኞን የነበረው የሮም ጳጳስ ቀሌምንጦስ 6ኛ በ1348 በጻፈው ደብዳቤ አይሁድም እንደ ክርስቲያኖቹ በዚሁ በሽታ እያለቁ መሆናቸውን፣ አይሁድ በሌሉበት አገርም ቸነፈሩ መግባቱን አመልክቶ ክሱን ሐሰት ብሎት ነበር። ከሮም ጋር ያለን የሃይማኖት ልዩነት የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ እውነት የተናገረን ሰው እውነት ተናገረ ማለት ይገባናል። ሰሚ ግን አላገኘም። የከተሞቹ ሹማምንት የሟቾቹን ንብረትና የዕዳ ደብዳቤ ይፈልጉት ነበርና።

ቸነፈሩ መንግሥታትን የለወጠው ሰው በመግደል ብቻ አይደለም። በግብጽ የዓባይን ቦይና ግድብ በየዓመቱ የሚጠርገው የገበሬ ጕልበት ስለ ጐደለ መሬቱ ጦም አደረ፤ የሱልጣኑም ግምጃ ቤት ሳሳ። ሱልጣን ባርስባይ ከ1420ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቅመማ ቅመሙን ንግድ በመንግሥት እጅ ጠቅልሎ ዋጋውን ያስወደደው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎችና ነገሥታት በእስክንድርያ በር ሳያልፉ ወደ ሕንድ የሚደርሱበትን ሌላ መንገድ እንዲመኙ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር።

የፖርቱጋልን ነገር ስንመለከት ቸነፈሩ ከንጉሥ ቤት እንኳ አልወጣም ነበር። በ1415 ንጉሡ ዣዋዎ 1ኛ የሞሮኮን ወደብ ሴውታን ለመውጋት መርከብ ባዘጋጀ ጊዜ፣ ንግሥቲቱ ፊሊፓ መርከቦቹ ሊነሡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ በቸነፈር ሞተች። ዙራራ የተባለው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ለሦስት ልጆቿ ለዘመቻው ያሠራችላቸውን ሰይፎች ሰጠቻቸው። አማካሪዎቹ ሞቷ የእግዚአብሔር ተግሣጽ ይሆንን ብለው ተከራከሩ፤ በመጨረሻም ለኀዘን ጊዜ ሳይሰጡ በመርከብ ተነሡ፤ ሴውታም በነሐሴ ወር ተያዘች። ከዚያም በ23ኛው ዓመት ልጇ ንጉሥ ዱዋርቴ ራሱ በቶማር ከተማ በቸነፈር ሞተ። ቶማር የክርስቶስ ማኅበር የሚባለው የመነኰሳትና የወታደሮች ማኅበር መንበር ነበረች፤ የማኅበሩም አስተዳዳሪ ከ1420 ጀምሮ የዱዋርቴ ወንድም ኤንሪኬ ነበር። በማኅበሩ ገንዘብ መርከብ ተሠራ፤ የማኅበሩም ቀይ መስቀል በሸራው ላይ ተሳለ። በ1434 ከኤንሪኬ መርከበኞች አንዱ የሆነው ጂል ኢያኔሽ ማንም አያልፈውም ይባል የነበረውን የቦጃዶርን ርእሰ ምድር አለፈ፤ የምዕራብ አፍሪካም የባሕር በር ተከፈተ።

በሩ ተከፍቶ ምን መጣ? በነሐሴ ወር 1444 በላጎሽ ወደብ 235 የአፍሪካ ምርኮኞች ከመርከብ ወርደው በሜዳ ላይ ተከፋፈሉ። ዙራራ ይህንን ሲጽፍ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ፣ ወንድም ከወንድሙ እንዴት እንደ ተለያየ፣ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው መሬት ላይ እንዴት እንደ ተደፉ ይዘረዝራል፤ የአዳም ልጆች ናቸውና አለቀስሁላቸው ይላል። ኤንሪኬ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ ከአምስት አንድ የሚደርሰውን ድርሻ፣ 46 ነፍስ፣ ተቀበለ። ከዚያ ልቅሶ በኋላ ዙራራ ብዕሩን አዙሮ እነዚህ ሰዎች ሥጋቸው ቢታሰር ነፍሳቸው በጥምቀት ነጻ ትወጣለች ብሎ ራሱን ያጽናናል። እኛ በዚህ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ አስበንበታል። ያላየ አይደለም፤ አይቷል፣ አልቅሷልም። የመስቀሉ ምልክት በሸራው ላይ ስለ ነበር ግን ዓይኑ ያየውን ነገር ልቡ እንዳይፈርድበት ከለከለው። በጥር ወር 1455 ደግሞ የሮም ጳጳስ ኒቆላዎስ 5ኛ በላከው ደብዳቤ ንግዱና ምርኮው ለፖርቱጋል ንጉሥ የተፈቀደ መሆኑን አጸና። በዚያው ደብዳቤ ውስጥ የክርስቶስን ስም ያመልካሉ የሚባሉትን የሩቅ ሕንዶች በባሕር የማግኘት ተስፋ ተጽፎ ይገኛል። ያን ጊዜ አውሮፓውያን ሕንድ ብለው ከሚጠሯቸው አገሮች አንዷ የእኛ አገር ነበረች።

ጂል ኢያኔሽ ቦጃዶርን ባለፈበት በዚያው በ1434 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኢትዮጵያ ነገሡ። ከዐፄ ይሥሐቅ ሞት በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በርከት ያሉ ነገሥታት ተፈራርቀው፣ አገሪቱ የጸና እጅ ትፈልግ በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። እስከ 1468 ድረስ 34 ዓመት ገዙ። በ1436 በአክሱም ሥርዐተ ንግሣቸውን ፈጸሙ፤ በ1445 በልደት በዓል የአዳልን ሱልጣን በድላይን ድል አደረጉ፤ ወደ ባሕሩም ዳር ዓይናቸውን ጥለው የባሕር ነጋሽን ሥልጣን አጠነከሩ። የመርከብ ጥበብ ያላቸው ሰዎች ከውጭ እንዲመጡላቸው ፈልገው እንደ ነበርም እናውቃለን፤ የአራጎን ንጉሥ አልፎንሶ በ1450 በጻፈላቸው ደብዳቤ ቀደም ሲል የተላኩ 13 የእጅ ጥበብ ሰዎች በመንገድ እንዳለቁ ገልጾ፣ መንገዱ ቢከፈት ሌሎችን እንደሚልክ አስታወቀ። መንገዱ ግን በግብጽ በኩል ነበርና አልተከፈተም። መነኰሳቱ ብቻ በእግራቸው ኢየሩሳሌም ይደርሱ ነበር፤ ከእነርሱም መልእክተኞች በ1441 እስከ ፍሎረንስ ጉባኤ ሄደዋል። በቬኒስ የነበረው ፍራ ማውሮ የተባለ መነኵሴ በ15ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ የአገራችንን ወንዞችና አውራጃዎች ያሰፈረው ከኢትዮጵያውያን መነኰሳት ጠይቆ ነው።

ስለ እኒህ ንጉሥ በጎነት ብዙ መናገር አያስፈልገንም፤ ሥራቸው በየእሑዱ በመካከላችን ነው። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ሥርዐት የሠሩት እርሳቸው ናቸው። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስማቸው ይጠራሉ። ሕዝቡ ጸሎቱን እንዲማር ካህናቱን አስገደዱ። በግብጽ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሱን በሰሙ ጊዜ አልቅሰው በተጉለት በዚያው ስም ሌላ አሠሩ።

በዚያ በደብረ ምጥማቅ በ1450 የተደረገው ጉባኤ በተለይ ሊታሰብ ይገባዋል። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ቀዳሚት ሰንበትን ስላከበሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተገፍተው፣ ከጳጳስ ክህነት መቀበልን ትተው ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ንጉሡ ሁለቱን ወገኖች ከጳጳሳቱ ከአባ ሚካኤልና ከአባ ገብርኤል ጋር በአንድነት አስቀመጧቸው። ከግብጽ የመጡት ጳጳሳት ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ እንድትከበር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ተስማሙ። አንዱም ወገን ሙሉ በሙሉ ያሸነፈ አልነበረም። ከ25 ዓመት በላይ ተለያይተው የነበሩት ሁለቱ ሲኖዶሶቻችን በ2018 በዋሽንግተን ሲታረቁ የሁለቱም ፓትርያርኮች ስም በቅዳሴ እንዲጠራ መወሰኑን ስንሰማ፣ ብዙዎቻችን ደብረ ምጥማቅን አስበን ነበር።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሠሩት እጆች ሌላም ሠርተዋል። ይህንን ክፍል በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ መጻፍ አይገባም የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን የጻፉት የንጉሡ ጠላቶች ብቻ አይደሉም፤ ዋነኛው ምስክር የገዛ ዜና መዋዕላቸው ነው። ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹም ላይ ሰይጣንን የካደና የእመቤታችን አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲይዝ አዘዙ። ጣዖት አመለከ፣ ጠንቋይ ጠየቀ ተብሎ የተከሰሰ ሁሉ ተቀጣ፤ ክሱም ወደ ቤተ መንግሥት ዘልቆ ገባ። ከወንዶችና ከሴቶች ልጆቻቸው በርካቶቹ በዚሁ ክስ ተገርፈው ሞቱ። የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ከደረሰባት ድብደባ የተነሣ ሞተች።

ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኰሳት ደግሞ ለሥላሴ ብቻ እንጂ ለንጉሥ አንሰግድም አሉ፤ ለእመቤታችንና ለመስቀል የሚገባውን ስግደት ነፍገዋል ተብለውም ተከሰሱ። አባ እስጢፋኖስ በእስር ሞተ፤ ከተከታዮቹ አፍንጫቸውና ምላሳቸው የተቈረጠ፣ በድንጋይ የተወገሩም ነበሩ። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው ስላሳተሙት ዛሬ የፈለገ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። እኛ የእመቤታችንንና የመስቀሉን ክብር በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን ከምታስተምረው አንዲት ቃል አንቀንስም። ጥያቄአችን ስለ ትምህርቱ አይደለም፤ ስለ ድንጋዩ ነው። ጌታችን ሊወግሯት ያመጧትን ሴት ፊቱ ባቆሙለት ጊዜ ድንጋይ የያዙትን እጆች ምን እንዳደረጋቸው እናውቃለንና።

አሁን ወደ ቸነፈሩ እንመለስ። በአገራችን የቸነፈር ታሪክ እንደ ፍሎረንስ ወይም እንደ ካይሮ በቍጥር ተመዝግቦ አልደረሰንም። ያለን ጥቂት ቃል ግን ከባድ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን ደቂቀ እስጢፋኖስ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ብርሃኑን የእግዚአብሔር ደስታ ምልክት አድርገው ተቀበሉት፤ በስፍራውም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው ደብረ ብርሃን ብለው ጠሩት። አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ብርሃኑ በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ይሆናል ይላሉ። ንጉሡ ቀሪ ዘመናቸውን ከሞላ ጐደል እዚያው ኖሩ፤ ሲዘዋወር የነበረው መንግሥት በአንድ ስፍራ ረጋ።

ቸነፈሩም ወደዚችው የብርሃን ከተማ መጣ። ሙታንን የሚቀብር እስኪታጣ ድረስ ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡ ቅዱስ ቂርቆስ በስሙ ቤተ ክርስቲያን በተሠራበት ቸነፈር እንዳይገባ ቃል ኪዳን የተሰጠው ሰማዕት መሆኑን አስበው ቤተ ቂርቆስን አሠሩ። ቂርቆስ ሕፃን ነው፤ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በመኰንን ፊት ቆሞ የተሠቃየ ሕፃን። ይህን ማድረጋቸው መልካም ነው፤ በችግር ጊዜ ወደ ቅዱሳን መማፀን የአባቶቻችን ልማድ ነውና። የሚያሳዝነን ሌላው ነው። በዚያው በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት ዙሪያ ካህናት ቀንና ሌሊት እየጸለዩ ጠበል ይረጩ ነበር፤ ይህም ጠንቋዮች ንጉሡን እንዳይጐዱ በመፍራት ነው። ብርሃኑ በታየ ጊዜ ንጉሡ ስለ እኔ ነው አሉ፤ ቸነፈሩ በመጣ ጊዜ ግን ስለ እኔ ይሆንን ብለው እንደ ጠየቁ የሚነግረን ጽሑፍ አላገኘንም። ዳዊት በኦርና አውድማ ላይ ያደረገው ከዚህ ተቃራኒውን ነበር።

አንባብያን ሆይ፤ ይህን ስንል በ15ኛው መቶ ዓመት በነበሩ ንጉሥ ላይ የዛሬን ሕግ ለመጫን አይደለም። ስትራስቡርግንና ላጎሽን አስቀድመን ያነሣነውም ጭካኔ የእኛ ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ይሁን እንጂ ዳዊት ከዘርዐ ያዕቆብ በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የነበረ፣ ኦርዮንን ያስገደለ፣ እጁ ደም ያለበት ንጉሥ ነበር። ዘመኑ ጨካኝ ነበር የሚለው ምክንያት ለዳዊትም ይሠራ ነበር፤ እርሱ ግን አልተጠቀመበትም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም መዝሙረ ዳዊትን ያነቡ ነበር፤ ራሳቸውም የጽዮን ንጉሥ የዳዊት ልጅ ይባሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም በነገሡ ጊዜ እስረኞችን ፈቱ፤ ስለ እናታቸውም መታሰቢያ አደረጉ። የባሕሩ ሰዎችም በመጨረሻ ደረሱ። በ1487 ከሊዝበን የተላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ በግብጽና በሕንድ ዞሮ በዐፄ እስክንድር ዘመን ገባ፤ እንዲመለስም አልተፈቀደለትም። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 በምጽዋ ወርደው በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሲመጡ ሸምግሎ፣ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ አገኙት። በስደት ላረጀን ለእኛ የዚህ ሰው ነገር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ልብ ይነካል። ባገሩ ሰዎች ፊት እንባውን አፈሰሰ ይባላል፤ ነገር ግን አጥንቱ በእኛ አገር ቀረ። በ1541 ደግሞ ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ገባ፤ እርሱ ራሱ በ1542 ሞተ፣ የተረፉት ጓደኞቹ ግን በየካቲት ወር 1543 በወይና ደጋ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጐን ቆመው ተዋጉ። ይህን ውለታ አንረሳም። ቀይ መስቀል ከተሳለበት ሸራ ጋር አብሮ የሚመጣው ነገር ምን እንደ ሆነ የታወቀው ግን ኋላ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው በአዋጅ ሊያስገድዱ በሞከሩ ጊዜ ገበሬው ስለ ሃይማኖቱ በገዛ ንጉሡ ጦር አለቀ፤ በ1632 አዋጁ ተሻረ፤ መንግሥቱም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተለቀቀ። ሃይማኖትን በንጉሥ በትር ማጽናት የተለመደ ሥርዐት ከሆነ በኋላ፣ በትሩ ሌላ ሃይማኖት በያዘ ንጉሥ እጅ ሲገባ ሕዝቡን ከምን እንዲጠብቀው ይጠበቅ ነበር? ሱስንዮስ አዲስ በትር አልቈረጡም፤ የተጠቀሙት በቤተ መንግሥቱ ያገኙትን ነው።

እኛ ንጉሥ የለንም፤ በስደት አገር ያለች ቤተ ክርስቲያን የምትኖረው በምእመናን መዋጮ፣ በሰበካ ጉባኤና በፈቃድ በሚያገለግሉ ሰዎች ነው። ነገር ግን በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ አውድማው በእያንዳንዳችን ደጅ ተዘረጋ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ ፍትሐት በጥቂት ሰው፣ አንዳንድ ጊዜም በስልክ መስኮት ተደረገ፤ ለቀስተኛ የማይጠራበት፣ ድንኳን የማይተከልበት ኀዘን አየን። ቀባሪ ማጣት ምን እንደ ሆነ ከዜና መዋዕል ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ተማርን። በዚያ ሰሞን በየስልኩ የተላለፈውንም ሰምተናል። አንዱ በሽታው የመጣው በእነ እገሌ ክህደት ነው አለ፤ ሌላው በእነ እገሌ ዘር አሳበበ፤ አንዳንዱም ጭምብል ያጠለቀውን ካህን እምነት የጐደለው ብሎ ነቀፈ። በሌላ በኩል ደግሞ ስማቸውን እንዳንጠራ የሚሹ፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን የራሳቸውን ልጆች እቤት ትተው የማያውቁትን ሰው እጅ ይዘው ሲያሰናብቱ ነበር። አውድማውን በገንዘባቸው የገዙት እነርሱ ናቸው።

በመጪው የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ታቦቱ ባለበትም በሌለበትም አጥቢያ ጸሎት ይደረጋል። ያን ዕለት ስለ ሙታን በምናደርገው ጸሎት፣ በደብረ ብርሃን ቀባሪ ያጡትን፣ በላጎሽ ሜዳ የተከፋፈሉትን 235 ነፍሳት፣ በስትራስቡርግ የተቃጠሉትን፣ በንጉሥ ዱላ የሞተችውን ጽዮን ሞገሳንና ከእርሷ ጋር የተገረፉትን በልባችን እንድናስብ ካህናቱንም ምእመናኑንም እንለምናለን። የአብዛኞቹ ስም በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ዲያቆኑም ሊጠራው አይችልም። ስማቸውን የሚያውቅ ጌታ ግን ጸሎቱን ይሰማል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።